ፈተናውን አልፋ ችሎቱን የተከለከለች፤ ኮርኔልያ ሶራብጂ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናወሳት የተነሣነው ሕግን ተምራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል በችሎት ፊት በጠበቃነት እንዳትቆም ስለ ተከለከለች አንዲት ሕንዳዊት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ኮርኔልያ ሶራብጂ በ1866 ናሺክ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ ከፓርሲ ወገን ሆነው ክርስትናን የተቀበሉ ሰው ነበሩ፤ እናቷም በፑና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ወይዘሮ ናቸው። በዴካን ኮሌጅ ተምራ በመጨረሻው ፈተና ከፍ ያለ ውጤት አገኘች። እንዲህ ያለው ውጤት ወንዱን ተማሪ በመንግሥት ገንዘብ እንግሊዝ አገር ያደርሰው ነበር፤ እርሷ ግን ሴት ናትና ተከለከለች። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባሉት ዝነኛ አስታማሚ ያሉባቸው ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተውላት በ1889 ኦክስፎርድ ገባች።

እዚያም ቢሆን ዩኒቨርሲቲው የተለየ ውሳኔ እስኪያሳልፍላት ድረስ ከወንዶቹ ጋር ለሕግ ፈተና መቀመጥ አልቻለችም። በ1892 ተቀመጠች፤ አለፈችም። ዲግሪው ግን አልተሰጣትም፤ ኦክስፎርድ በዚያን ዘመን ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበርና። የተቀበለችው በ1922 ነው። እኛ ውጤታችን በሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ የምናሰማውን ጉርምርምታ መምህሮቻችን ያውቁታል።

አገሯ ተመልሳ ያየችው ነገር ነው ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያደረገን። በመጋረጃ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ባለ ርስት ሴቶች ነበሩ። ልማዱ ከቤተ ዘመድ ውጭ ያለ ወንድ እንዲያዩ አይፈቅድም። ጠበቃው ወንድ ነው፤ ዳኛው ወንድ ነው፤ የርስቱ አዛዥም ወንድ ነው። ባል የሞተባት ሴት ወረቀት በመጋረጃው ሥር ሲገባላት የተጻፈውን ሳታውቅ ምልክቷን ልታኖርበት ትችላለች፤ ምስክሩም ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ማን እንደ ሆነች አያይም። በለንደን የነበረው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ሸንጎ እንኳ፣ እንዲህ ባለ ውል የሚጠቀም ሰው ሴቲቱ ነገሩን በሚገባ ተረድታው እንደ ነበረ ማስረዳት አለበት ብሎ ወስኗል። ደንቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከመጋረጃው ገብቶ የሚያስረዳት ማነው?

ሶራብጂ ትገባለች። በ1897 በቦምቤይ የሕግ ፈተና፣ በ1899 በአላሃባድ የነገረ ፈጆችን ፈተና አለፈች፤ ጥብቅና ግን አልተፈቀደላትም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የእኛው ተረት ብቻ መስሎን ነበር! ከብዙ አቤቱታ በኋላ በ1904 በቤንጋል የሴቶችንና የሙት ልጆችን ርስት በሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ሆነች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ከ600 የሚበልጡ ሴቶችንና ሕፃናትን እንደ ረዳች ይነገርላታል።

በመካከላችን ክርክር ያስነሣው ይህ ነው። ሶራብጂ የጠየቀችው «መጋረጃው ሴት ጠበቃ ያስፈልገዋል» ብላ ነው፤ ሥራ አገኘች እንጂ መብት አላገኘችም። ሬጂና ጉሃ የተባለችው የሕግ ምሩቅ ግን በ1916 በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀጥታ መብቷን ጠየቀች፤ ዳኞቹም ሴት ናት ብለው መለሷት። ከእኛ አንዳንዶቹ የጉሃ መንገድ ይበልጣል ይላሉ፤ የሴት ጠበቃ ሥራ ለሴት ብቻ እንዲሆን መፍቀድ ሌላ መጋረጃ መስቀል ነውና። እውነት አለው። ይሁን እንጂ ርስቷን የምትነጠቅ መበለት የሕግ መለወጥን ቁጭ ብላ ልትጠብቅ አትችልም፤ ስለዚህ አብዛኞቻችን ለሶራብጂ እንፈርዳለን። የጋንዲን እንቅስቃሴ መቃወሟን ግን ማናችንም አንደግፍላትም።

በ1923 ሴቶች ጠበቃ እንዲሆኑ የሚፈቅድ ሕግ በሕንድ ወጣ። በ1924 ሶራብጂ በ57 ዓመቷ በካልካታ ጥብቅና ጀመረች። እዚያም ወንዶቹ በችሎት ቆማ ከመከራከር ይልቅ በጽሑፍ አስተያየት እንድታዘጋጅ አደረጓት። በ1929 ሥራዋን ትታ ለንደን ገባች፤ በ1954 እዚያው ዐረፈች።

ለክርክሩ ጊዜ እንዲተርፍ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናቆማለን። ለጉሃ የምትቆሙ ጓደኞቻችን መድረኩ የእናንተ ነው።