እንጀራ ሲያድር ለምን ይደርቃል?

(በአምስት ኪሎ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ራጅና ስለ ኒውትሮን ነው፤ ነገሩን ግን ከመሶባችን እንጀምረዋለን። የጤፍ እንጀራ አድሮም ይጠቀለላል። የማሽላ እንጀራ ግን ሲያድር ይደርቃል፥ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ይህን እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ምክንያቱ ግን ዓይን ከማይደርስበት ጥልቅ ሥፍራ ነው ያለው።

ራጅን የምናውቀው ሐኪም ቤት አጥንት ሲነሣበት ነው። በ1912 (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን) የማክስ ፎን ላወ ሙከራ ሌላ ጥቅም አሳየ። የራጅ ሞገድ ርዝመት የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ስለ ሆነ፥ በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጨረሩ በሥርዓት በተደረደሩ አቶሞች ላይ ሲወድቅ ይበተናል፤ በአንዳንዱ ማዕዘን ሞገዶቹ ተደጋግፈው ይበረታሉ፥ በሌላው እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ማዕዘኑን የለካ ርቀቱን ያሰላል። ሰፊው ማዕዘን ስለ አቶሞች አደራደር፥ እጅግ ጠባቡ ደግሞ ከዚያ ስለሚበልጡ ንብብሮች ይነግረናል።

ጥሬ ስታርች በዚህ መንገድ ሲመረመር፥ በየ9 ናኖሜትሩ ያህል የሚደጋገም ንብብር ይገኝበታል። ገረመው ቡልቶሳና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፥ የጤፍ ስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ እንደ ሆነች፥ የራጅ ምልክቷም እንደ ሌሎች እህሎች ኤ የሚባለው ዓይነት እንደ ሆነ አሳዩ። ምጣድ ላይ ሙቀትና ውሃ ያንን ሥርዓት ያፈርሱታል፤ እንጀራው ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ የስታርች ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ተመልሰው ይሰለፋሉ፤ እንዲህ ተመልሶ የተሰለፈ ስታርች ቢ የሚባለውን ምልክት ያሳያል። ድርቀት የውሃ ማለቅ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ይህ ሰልፍ ግን ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ኒውትሮን የራጅን ጉድለት ይሞላል። ራጅን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ስለ ሆኑ፥ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለው ሃይድሮጅን ለራጅ እምብዛም አይታይም። ኒውትሮን ግን የሚበተነው በአቶሙ እምብርት ነው፤ ሃይድሮጅንን ያያል፥ ከከባዱ ወንድሙ ከዲዩቴሪየምም ይለየዋል። ስለዚህ በተራው ውሃ ፈንታ ከባድ ውሃ ብንጨምር፥ ውሃው በስታርቹ ውስጥ የት እንደ ተቀመጠ ለመለየት እንችላለን።

መሣሪያውስ የት ነው? አነስተኛው የራጅ መሣሪያ በአንድ ክፍል ይበቃል። ብርቱ ጨረር የሚሰጠው ሲንክሮትሮን ግን በአፍሪካ ምድር የለም፤ ለእኛ የሚቀርበው በ2017 በዮርዳኖስ የተመረቀው ሴሳሚ ነው። ይህ ግን ተስፋ አያስቆርጠንም። እዚሁ አምስት ኪሎ በብሔራዊ ሙዚየም የምትጠበቀውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷን የዲኪካ ሕፃን ሰላምን እናስብ። ቅሪቷ በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ሲንክሮትሮን በራጅ ታየ፤ የጥርሷም የእድገት መስመሮች ተቆጥረው፥ ስትሞት ዕድሜዋ 2.4 ዓመት ያህል እንደ ነበረ በ2020 ተገለጠ። ቅሪቷን ያገኘውን ቡድን የመራውና ከጥናቱ ደራሲዎች አንዱ የሆነው የአገራችን ልጅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ታላላቅ መሣሪያዎች የሥራ ጊዜ የሚገኘው ጥያቄን በጽሑፍ አቅርቦ በመወዳደር ነው። የሚላከውም ናሙና ቁራሽ እንጀራ አያህልም። ጤፍ ሲወደድ ድኃው ቤት ማሽላና በቆሎ ይቀላቅላል። ምን ያህል ቢቀላቀል፥ እርሾውስ ስንት ቀን ቢቆይ ያ ሰልፍ ይዘገያል? ይህን ጥያቄ ሌላ አገር ተቀምጦ የሚጠይቅልን አይኖርም፤ የደረቀውን እንጀራ የሚበላው እርሱ አይደለምና። ናሙና አቅራቢዎች ብቻ ሆነን እንዳንቀር፥ ጨረሩን እስክናገኝ ጥያቄውን ከዛሬ ጀምረን እናዘጋጅ።