ማሽኑን ከመግዛታችን በፊት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረቡት ንግግር)



ለጌጣጌጥ ሥራ አነስተኛ ሲኤንሲ ማሽን እንግዛ ወይስ አንግዛ የሚለው ጉዳይ ዛሬ ለውሳኔ ቀርቧል። ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር፤ ማሽኑን አሁን አንግዛ፣ ሥራውን ግን እንጀምር።

ሲኤንሲ ማለት በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ነው። እኛ ያሰብነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ሲሆን የሚቆርጠውም ብሩን ሳይሆን ጠንካራ ሰም ነው። ንድፉን በኮምፒውተር እናወጣለን፤ ማሽኑ በሚሽከረከር ቀጭን ጥርስ ሰሙን እየፋቀ ቅርጹን ያወጣል። የቀረውን አንጥረኞቻችን ድሮም ያውቁታል። ሰሙ በጭቃ፣ ዛሬ ደግሞ በጄሶ ይሸፈናል፤ በእሳት ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ብር ይፈስበታል።

ልብ በሉ፤ ለአንድ ንድፍ ማሽኑ የሚያስፈልገን አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል በብር ከወጣ በኋላ ቅርጹ በጎማ ይያዛል፤ ጎማው ውስጥ ሰም እያፈሰስን ደጋግመን እናባዛዋለን። በዓመት አምስት ስድስት ንድፍ ለምናወጣ ሰዎች ማሽኑ አቧራ ለብሶ ይከርማል። ከፍለን ብናስቆርጥ ይሻላል። ደግሞ አንድ ሞዴል መቁረጥ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ይስታል። ስለ ሳጉሬ መብራት ለእናንተ አልነግርም።

ሊያመልጠን የማይገባው ሶፍትዌሩ ነው። ብሌንደርና ፍሪካድ በነፃ ይገኛሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብር 10.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያው መጠን ሰም 1 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 0.8 ግራም የሆነ የሰም ሞዴል፣ መፍሰሻው ሳይቆጠር፣ 8 ግራም ያህል ብር ይበላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሰሙ ሳይቆረጥ ያሳየናል። ጀርባውን ቦርቦር ብናደርገው ስንት ግራም እንደምናተርፍም ወዲያው እናያለን። የአያቶቻችን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ነበር፤ ከዚያም 83 በመቶው ንጹሕ ብር። አንጥረኛው ያንን አቅልጦ ጌጥ ሲሠራ ስንቱ እንደገባ፣ ስንቱ እንደቀረ የሚያውቀው እሱ ነበር። አሁን ባለቤቲቱም ታውቃለች። ዋጋ የምንቆርጠውም በግምት አይሆንም።

የብር ሽቦ እየጠመዘዙ የሚሠሩት ስስ ጌጥ የእጅ ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ጨሌአችንም እንደዚያው።

አንዳንዶቻችሁ የሲንቄን ቅርጽ የአንገት ጌጥ እናድርገው ብላችኋል። ቀጥ ያለ በትር ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ነገር ግን ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጠው፣ ሴት ስትበደል ይዘነው የምንወጣው ነው። ትልልቅ እናቶቻችን ሳይፈቅዱ እኔ አልነድፈውም።

ስለዚህ የማሽኑ ገንዘብ ለሁለት ላፕቶፕ፣ ለሰምና ለጎማ፣ ለአሠልጣኝ አበልም ይዋል እላለሁ። ለጋሾቻችን፣ ማሽን ፎቶ ላይ ያምራል፤ ላፕቶፕ ያን ያህል አያምርም፤ በዚህ እንዳትቀየሙን። ሠልጣኞቹም አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመዝገቡ፤ ንድፉን የምታውቀው እናት ናት፣ ኮምፒውተሩን ቶሎ የምትለምደው ልጅ ናት።

በገንዘቡ ላይ ዛሬ እጅ እናውጣ። የሲንቄውን ጉዳይ ግን እናቶች ለብቻቸው ይነጋገሩበት።