የማይታየውን እንለካ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የቀሐ ወንዝ በክረምት ሲደፈርስ ሕፃን እንኳ አይቶ አይጠጣውም። ዛሬ የምንነግራችሁ ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ስሙ ራዶን ይባላል።

ራዶን የሚወለደው በአለትና በአፈር ውስጥ ካለው ዩራኒየም ነው። ሜዳ ላይ ሲወጣ ነፋስ ይበትነዋል፤ በማዕድን ጉድጓድ፣ በዋሻ ወይም በተዘጋ ቤት ግን ይጠራቀማል። በ3.8 ቀን እኩሌታው ወደ ሌሎች ጨረር አመንጪ ነገሮች ይለወጣል፤ እነዚህም ከአቧራ ጋር ሳንባ ገብተው ይቀመጣሉ። በብዙ አገሮች ከትምባሆ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣው ይኸው ነው። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤክሬል፣ ይህ ባይቻል ከ300 የማይበልጥ ልክ እንዲወሰን መክሯል።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ የደጋችን ጥቁር ድንጋይ ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየም ነው ያለው። ነገር ግን ጥቂትም ቢሆን አየር በማይዘዋወርበት ይከማቻል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የጣናን ውሃ የሚቀበለው በረጅም ዋሻ ነው፤ ተርባይኖቹም ከመሬት በታች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ ጉዳት አለ አንልም፤ ሳይለኩ የለም ማለትም አይገባም እንላለን።

መለኪያውም አገሩን መምሰል አለበት። ከሰል ያለበት መለኪያ እርጥበት ስለሚጠጣ በክረምትና በእርጥብ ዋሻ ያሳስታል። ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ግን መብራት ሳትፈልግ ሦስት ወር ተሰቅላ ትቆያለች፤ ጨረሩ የጫረባትም ምልክት በኮስቲክ ሶዳ ከጎላ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ደባርቅና ዳባት ሰው በብርድ ምክንያት በሩን ዘግቶ ስለሚያድር፣ በበጋም በክረምትም መለካት ያስፈልጋል። ብዙ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወለሉን ስንጥቅ መድፈን፣ አየር ማስገባት፣ በዋሻም ማራገቢያ መትከል።

ጓደኞቻችን! የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው በሽታን ከመምጣቱ በፊት መከላከል ጭምር ነበር። የዋሻ ሠራተኛ ሕመሙ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና፣ ያን ጊዜ ብንለካ ምን ይጠቅመዋል? የፊዚክስና የጤና ተማሪዎች አብረን እንድንጀምር፣ መምህራኖቻችንም እንዲመሩን እንለምናለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።