ቆሽት በሦስት አውታረ መጠን

የቆሽትን ኅብረ ሕዋስ የምናስተምረው ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ማይክሮን በሆነ ስስ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ግን ስለ ቅርንጫፍ አይናገርም፤ በስላይድ ላይ ተራርቀው የሚታዩ ሁለት ክብ ቦዮች ከሥር አንድ ግንድ ሊጋሩ ይችላሉ።

በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራው ኮዳ የተባለ ስልት፣ በተከታታይ የተቆረጡና በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን የቀለሙ ስላይዶችን በኮምፒዩተር አሰናስሎ ኅብረ ሕዋሱን መልሶ ይገነባል። ማቅለሚያው በየቤተ ሙከራችን ያለው መሆኑን ልብ በሉ፤ ትዕግሥቱ ነው የሚከብደው።

በዚህ ስልት ተሠርቶ በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ለዓይን ጤነኛ በሚመስል የቆሽት ክፍል ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በአማካይ 13 ያህል የቅድመ ካንሰር እድገቶችን አግኝቷል። አብዛኞቹ ካንሰር እንደማይሆኑ ከበሽታው ብርቅነት መረዳት ይቻላል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በአንድ ቆሽት ውስጥ ጎን ለጎን ያሉት እድገቶች የተለያየ የዘረመል ለውጥ ይዘው፣ አብዛኞቹ ለየብቻ የተነሡ ሆነው መገኘታቸው ነው።