አካላ፦ ከቅዳሜ ትምህርት ቤት እስከ ሼክስፒር መድረክ

አካላ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ራፐርና ደራሲ ኪንግስሊ ዴሊ የተወለደው በዲሴምበር 1983 ከለንደን በስተደቡብ በምትገኘው ክሮውሊ ከተማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ያደገው ግን በሰሜን ለንደን፣ በካምደን ክፍለ ከተማ፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ነው። አባቱ የጃማይካ ዝርያ ያላቸው ጥቁር፣ እናቱ ደግሞ የስኮትላንድ ዝርያ ያላቸው ነጭ ናቸው። ወላጆቹ እሱ ከመወለዱ በፊት ስለተለያዩ ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ብሪታንያ ፖለቲካን በግልጽ የሚናገሩ ብዙ ራፐሮች አሏት። አካላን ከእነሱ የሚለየው የመምህርነት ጠባዩ ነው። በዘፈን፣ በተውኔት፣ በፊልምና በመጽሐፍ የሠራው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፦ ታሪክንና ዕውቀትን ለማስተማር መብት ያለው ማን ነው?

የዚህ ጥያቄ ሥር ከአካላ ልደት በፊት ይጀምራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ብሪታንያ የሠራተኛ እጥረት ስለገጠማት ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶቿ ብዙ ሕዝብ ለሥራ ገባ። የዚህ ፍልሰት ምልክት ሆና የቀረችው በጁን 1948 ቲልበሪ ወደብ የደረሰችው ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለች መርከብ ናት። የመጡት ሰዎች በአውቶቡስና በባቡር ድርጅቶች፣ በሆስፒታሎችና በፋብሪካዎች ተቀጠሩ። ልጆቻቸው ግን ትምህርት ቤት ሲገቡ በዝቅተኛ ግምት ተቀበሏቸው። የግሬናዳ ተወላጅ የሆነው መምህር በርናርድ ኮርድ በ1971 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ፣ የካሪቢያን ልጆች ከሚገባው በላይ በብዛት «ትምህርት አይገባቸውም» ለተባሉ ተማሪዎች ወደተቋቋሙ ልዩ ትምህርት ቤቶች እንደሚላኩ አጋለጠ። ወላጆችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የራሳቸውን ትምህርት በየአዳራሹ እያቋቋሙ ለልጆቻቸው ንባብ፣ ሒሳብና የአፍሪካን ታሪክ ማስተማሩን አስፋፉ።

አካላ ይህን ታሪክ በራሱ ላይ ሲደርስ አይቶታል። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት አንድ ልጅ በቆዳው ቀለም ሰደበው። ቤት ገብቶ የደረሰበትን ለእናቱ ሊናገር ሲል፣ የሚነግራቸው እናቱ ራሳቸው ነጭ መሆናቸውን በዚያች ቅጽበት ልብ አለ። በሰባት ዓመቱ ደግሞ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ እንግሊዝኛ ገና ከሚለማመዱና ልዩ እገዛ ከሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ጋር ተመደበ። እናቱ ነገሩን ሲደርሱበት ዝም አላሉም፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ከመሟገት ሌላ ልጃቸውን የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ወደሚሰጥበት የቅዳሜ ትምህርት ቤት ላኩት። በአዘቦት ቀን በተማረውና ቅዳሜ በተማረው መካከል የነበረው ልዩነት የኋለኛው ሥራው ሁሉ መነሻ ሆነ።

እንጀራ አባቱ ሃክኒ ኢምፓየር በተባለው የምሥራቅ ለንደን ቲያትር ቤት የመድረክ ኃላፊ ስለነበሩ፣ አካላ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ብዙ ትርዒት ተመልክቷል። በትምህርቱ በተለይ በሒሳብ ጎበዝ ነበር፤ የእንግሊዝ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለጎበዝ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን የሒሳብ ትምህርት ተካፍሏል። እግር ኳስም ሞክሯል። በዌስት ሃምና በዊምብልደን ክለቦች የወጣት ቡድን ውስጥ ተጫውቷል።

በሌላ በኩል የሰፈሩ መንገድ የራሱን ትምህርት ይሰጠው ነበር። ወደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው በስለት ሲወጋ አየ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈተሸውም በዚያው ዕድሜ ነው። በጉርምስናው ለተወሰነ ጊዜ እሱ ራሱ ቢላዋ ይዞ ይዞር እንደነበር በኋላ በግልጽ ጽፏል። የሒሳብ ተሸላሚ ለመሆን የሚበቃ ልጅ በኪሱ ስለት የሚይዝበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማብራራት፣ ካደገ በኋላ በአደባባይ ከያዛቸው ክርክሮች ዋነኛው ሆኗል።

ወደ ሙዚቃ የገባው በታላቅ እህቱ ጥላ ሥር ነበር። እህቱ ኒዮሚ፣ በመድረክ ስሟ ሚስ ዳይናማይት፣ በ2002 «ኤ ሊትል ዲፐር» በተባለው አልበሟ የብሪታንያን የመርኩሪ ሽልማት አሸንፋ ነበር። አካላ ግን ትልቅ አሳታሚ ደጅ ከመጥናት ይልቅ በ2003 ኢላ ስቴት ሬከርድስ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመትም የመጀመሪያውን ሚክስቴፕ አወጣ። የራስን ሥራ በራስ ማሳተም ገንዘብን ያሳንሳል፤ ግጥምን ከአሳታሚ እርማት ነፃ ያወጣል። በኋላ በዘፈኖቹ ስለ ጦርነት፣ ስለ ባንኮችና ስለ ዘውድ እንደልቡ ሊናገር የቻለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ጊዜውም ምቹ ነበር። ሂፕ ሆፕ በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ሲወለድ ከመሥራቾቹ አንዱ ጃማይካ የተወለደው ዲጄ ኩል ሀርክ ነው። በለንደንም የጃማይካ ስደተኞች በትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች የሚያዘጋጁት የሰፈር ጭፈራ ለብሪታንያ ራፕ መሠረት ጥሏል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ግራይም የተባለው ፈጣን የምሥራቅ ለንደን ሙዚቃ ብቅ አለ፤ ራፐሩ ዲዚ ራስካል በ2003 የመርኩሪን ሽልማት ሲወስድ የሰፈር ልጆች አነጋገር ብሔራዊ መድረክ ላይ ወጣ። አካላ በ2006 «ኢትስ ኖት ኤ ሩመር» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በዚህ ማዕበል ላይ ነው። በዚያው ዓመት ለጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ በሚሰጠው የሞቦ ሽልማት የምርጥ ሂፕ ሆፕ አርቲስትነትን ክብር አገኘ።

በአልበሙ ውስጥ «ሼክስፒር» የተሰኘ ነጠላ ዜማ ነበረ። ራፐሩ ራሱን ከእንግሊዝ ታላቁ ባለቅኔ ጋር በማነጻጸሩ ነገሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ጉራ ታየ። የሬዲዮ ሰዎችም የሼክስፒርን ተውኔቶች ርዕስ የያዘ ራፕ እንዲጽፍ ተገዳደሩት፤ 27 ርዕሶችን በአንድ ግጥም አስገብቶ መለሰላቸው። ከዚህ ጨዋታ ቁም ነገር ወጣ፦ በ2009 የሂፕ ሆፕ ሼክስፒር ኩባንያን መሠረተ። ኩባንያው ወጣቶችን እየሰበሰበ የሼክስፒርን ቅኔና የራፕን ግጥም ጎን ለጎን የሚያስተምር የቲያትርና የሙዚቃ ተቋም ነው።

የኩባንያው ዘዴ ጎልቶ የታየው አካላ በ2011 በኦልድብራ ከተማ በተዘጋጀው የቴድኤክስ መድረክ ላይ ባቀረበው ንግግር ነው። ለታዳሚው አንድ አንድ ስንኝ እያነበበ «ይህ የሼክስፒር ነው ወይስ የራፐር?» ብሎ እጅ ያስወጣል። የተማረና ቲያትር የለመደው ታዳሚ ደጋግሞ ይሳሳታል፤ የሼክስፒርን ለራፐር፣ የራፐርን ለሼክስፒር ይሰጣል። ቀጥሎ ወደ ምጣኔው ይገባል። የሼክስፒር ስንኝ በአብዛኛው አሥር ቀለማት አሉት፤ አንዱ ላላ፣ ተከታዩ ጠንከር እያለ አምስት ጊዜ ይፈራረቃል። አካላ ይህ ምት ከልብ ትርታ ጋር እንደሚመሳሰል ካስረዳ በኋላ፣ ከሼክስፒር አሥራ አራት ስንኝ ግጥሞች አንዱን አንዲት ቃል ሳይለውጥ በሂፕ ሆፕ ምት ላይ ይጫወተዋል። ግጥሙ ሳይደናቀፍ ይሄዳል።

ክርክሩ ከዜማ ያልፋል። በሼክስፒር ዘመን ግሎብ ቲያትር ቆመው የሚመለከቱት ሰዎች የሚከፍሉት አንድ ፔኒ ነበር፤ ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። ባለቅኔው ራሱ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ስለዚህ ሼክስፒርን የተማረው መደብ ርስት ያደረገው ኋላ የመጣ ልማድ ነው ማለት ነው። በተመሳሳይ ሂፕ ሆፕ ሲመሠረት ከዲጄ፣ ከራፕ፣ ከጭፈራና ከግድግዳ ሥዕል ቀጥሎ አምስተኛው ምሰሶ ዕውቀት እንደነበረ አካላ ያስታውሳል። ራፕን የወንጀል መግለጫ፣ ሼክስፒርን የጨዋ ልጆች ንብረት አድርጎ መክፈሉ በአስተያየቱ አንዱ የመደብ አጥር ነው።

የፖለቲካ ድምፁ እየጠነከረ የሄደው በቀጣዮቹ አልበሞች ነው። በ2010 የወጣው «ደብልቲንክ» ስሙን የወሰደው ከጆርጅ ኦርዌል «1984» ልቦለድ ሲሆን በውስጡ ያለው «ፋይንድ ኖ ኤነሚ» የተባለው ዘፈን የራፐሩን አስተሳሰብ በስፋት አሰራጨ። በ2013 ደግሞ «ዘ ቲቭስ ባንኩዌት»፣ ማለትም የሌቦች ግብዣ፣ ተከተለ። የርዕሱ ዘፈን በምሳሌያዊ ተረት የተዋቀረ ነው፦ የዓለም ታላላቅ ሌቦች ዲያብሎስ ፊት ይወዳደራሉ፤ ለፍጻሜ የሚቀርቡትም የግዛተ ዐፄ ነገሥታት፣ ባንከኞች፣ የሃይማኖት መሪዎችና የድሃ አገር አምባገነኖች ናቸው። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በኪኩዩ ቋንቋ በጻፈው «ዲያብሎስ በመስቀል ላይ» በተባለው ልቦለዱ ውስጥም ተመሳሳይ የሌቦች ውድድር አለ። አካላ አምባገነኖችን ከቅኝ ገዢዎች ጎን ማሰለፉ፣ ተቃውሞው በነጮች ላይ ብቻ ያነጣጠረ ነው የሚለውን ክስ ያፈርሳል።

ኢትዮጵያን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ሬጌ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1930 ዘውድ መጫን በጃማይካ ለራስታፈሪያን እምነት መነሻ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ የተቀበላቸው ሕዝብም በሩትስ ሬጌ ላይ የማይረሳ አሻራ ትቷል። አካላ በ2016 ለቢቢሲ ባቀረበው «ሩትስ፣ ሬጌ፣ ሪቤሊየን» ዘጋቢ ፊልም ጃማይካ ድረስ ሄዶ የዚህን ሙዚቃ ፖለቲካና እምነት ተከታትሏል። በ2018 ደግሞ በሆሜር ኦዲሲ ላይ ሌላ ፊልም ሠርቷል። የድምፅ ማጉያ ሙዚቃንና የግሪክን ጥንታዊ ቅኔ በእኩል ክብር መመርመሩ ለሼክስፒር ከያዘው አቋም የሚመነጭ ነው።

ዋነኛው የጽሑፍ ሥራው በ2018 የታተመው «ኔቲቭስ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ንዑስ ርዕሱ በግዛተ ዐፄ ፍርስራሽ ውስጥ ስላለ ዘርና መደብ ይላል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ከደራሲው ሕይወት ይነሳና ወደ ታሪክ ትንተና ይሻገራል። ለምሳሌ ባርነትን ያስቀሩት የፓርላማ አባሉ ዊልያም ዊልበርፎርስ እንደሆኑ በልጅነቱ የተሰጠው ትምህርት፣ ባሪያዎቹ ራሳቸው ያደረጉትን ትግል፣ በተለይም የሃይቲን አብዮት፣ እንዴት እንደሸፈነ ያሳያል። የታሪክ መዝገቡም የሚያግዘው ነው፤ ብሪታንያ በ1833 ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የተከፈለው ለባሪያ ባለቤቶች ነው። ነፃ ለወጡት ሰዎች ምንም አልተሰጠም። ለዚህ ካሳ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው፤ ስለዚህ የባሪያዎቹ የልጅ ልጆች ጭምር በግብራቸው ከፍለውታል። መጽሐፉ በብዛት ከመሸጡም በላይ ለጄምስ ቴይት ብላክና ለጃላክ ሽልማቶች ታጭቷል።

አካላ በቴሌቪዥን ክርክሮችም ታዋቂ ሆነ። በጁን 2017 በምዕራብ ለንደን ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሲሞቱ፣ አካላ የአካባቢው ነዋሪ ስለነበር ለቻናል 4 ዜና ቀርቦ ሰዎቹ የሞቱት ድሆች ስለሆኑ ነው ብሎ ተናገረ። የለንደን ወጣቶች በስለት መገዳደል መነጋገሪያ ሲሆንም፣ ጉዳዩን «የጥቁሮች ወንጀል» ብሎ መጥራት ስህተት መሆኑን ደጋግሞ አስረድቷል። ማስረጃው ግላስጎው ናት፦ ሕዝቧ በአብዛኛው ነጭ የሆነችው ይህች የስኮትላንድ ከተማ በስለት ግድያ የታወቀች ነበረች፤ በ2005 የተቋቋመው ልዩ ክፍል ችግሩን እንደ ሕዝብ ጤና ጉዳይ ይዞ ከቀረበ ወዲህ ግን ግድያው በእጅጉ ቀንሷል። በአካላ ትንተና መንስኤዎቹ ድህነት፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና ከትምህርት ቤት መባረር ናቸው።

በፓርቲ ፖለቲካ ግን ጥንቁቅ ነው። ቀደም ሲል ለሌበር ፓርቲ ድምፅ ሰጥቶ የማያውቀው አካላ በ2017 ምርጫ የፓርቲውን መሪ ጄረሚ ኮርቢንን እንደሚደግፍ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ጥርጣሬውንም አልደበቀም። ተቺዎቹ ሁሉን ነገር ከግዛተ ዐፄ ጋር ያያይዛል ይሉታል፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ በስሜት ፋንታ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብበትን መንገድ ያደንቃሉ። በ2018 ኦክስፎርድ ብሩክስና ብራይተን ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዶክትሬት ሰጡት። በ2021 ያሳተመው «ዘ ዳርክ ሌዲ» የተባለው የወጣቶች ልቦለድም በሼክስፒር ዘመን ለንደን ውስጥ ስለሚኖር ወላጅ አልባ ጥቁር ልጅ ይተርካል።

ከእሱ በኋላ የመጡት ራፐሮች ስቶርምዚና ዴቭ በሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥተዋል፤ በብሪት የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይም፣ አንዱ በ2018፣ ሌላው በ2020፣ የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር በግልጽ ነቅፈዋል። አካላ በገበያ ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። የእሱ ድርሻ ራፐር ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ በማስረጃ ሲናገር እንግዳ ነገር እንዳይመስል ማድረጉ ነው። ወላጆች በየአዳራሹ የጀመሩት የቅዳሜ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ሰዎች መካከል፣ ያንን ትምህርት ወደ ብሔራዊ መድረክ ካወጡት ዋነኞቹ አንዱ አካላ ነው።