አየር ማቀዝቀዣ ለጫጫው የመስክ መኪና



ጫጫ ላይ ለሚያድረው ባለመኝታ የመስክ መኪናችን አየር ማቀዝቀዣ ይገጠምለት ወይስ አይገጠምለት? እንዳጠናው የተሰጠኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ጠያቂዎቹ እውነት አላቸው፤ በአንኮበር በኩል ወደ አፋር ቆላ ስንወርድ መኪናው እንደ ምድጃ ይግላል። ነገር ግን አንድ ኪሎዋት የሚስብ ማቀዝቀዣ፣ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ሠላሳ ዋት የምትስብ ማራገቢያ ግን በዚያው ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ውርጭ በወረደበት ሌሊት፣ ሁለት ባልደረቦቻችን ጫጫ ላይ መስኮቱን ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኙ። አንደኛው ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት ነቃ፤ በሩን በመክፈቱ ሁለቱም ተረፉ። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። እኛ ስለ ሙቀት ስንከራከር ሊገድለን የነበረው ብርዱ ነው።

ስለዚህ ማቀዝቀዣው ይቅር እላለሁ። ገንዘቡ ለጣሪያውና ለግድግዳው ሙቀት መከላከያ ሽፋን፣ ለማይደፈን የአየር መተላለፊያ፣ ለማራገቢያና ለወፍራም ብርድ ልብስ ይዋል። ሽፋኑ በቆላ ሐሩሩን፣ በደጋ ብርዱን ይመክታል። ከሰል ግን ከመኪናው ደጃፍ አይለፍ።