ልጁ ጥቁር አንበሳ፣ እርሻው አገር ቤት

እሱ፦ እህቴ፣ ልጅ ካንሰር ያዘው ሲባል ሁሉም የሚጨነቀው ለመድኃኒቱ ነው። እኔን ግን የማደሪያው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

እሷ፦ እውነትህን ነው። ልጇን አዝላ ከገጠር አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የመጣችን እናት አስባት። የደም ካንሰር ከሆነ ሕክምናው ከ2 ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የት ትደር? ምን ትብላ? እቤት የቀሩትንስ ልጆች ማን ይያዝላት?

እሱ፦ ልጁ ትንሽ ሻል ሲለው ወላጆቹ «ድኗል» ብለው ይዘውት ይመለሳሉ። ከዚያ በሽታው ያገረሻል።

እሷ፦ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች። አንዱ ምክንያት ሕክምና ማቋረጥ ነው።

እሱ፦ «ተስፋ አዲስ»ን የመሰለ የወላጆች ማኅበር የሚሰጠው አልጋና ምግብም ለእኔ ሕክምና ነው።

እሷ፦ ነው እንጂ! አድማጮቻችን፣ ከሰፈራችሁ ልጅ ሊያሳክም የሄደ ቤተሰብ ካለ የቀሩትን ልጆች ዛሬውኑ ጠይቁ፤ እርሻውንም በደቦ እረሱለት።